ለአሥራተ ማርያም እጅ የሚሆን እጀታ

ሰው ሰንጢ የሚገዛው ጥፍሩን ሊቆርጥበት ነው፣ ጅማት ሊበጥስበት ነው፣ ካልሆነም ኪሱ ከቶ ሊኮራበት ነው። ካሤ ግን በዚያ የገበያ ቀን ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ የወረደው የአንድ ልጁን ነፍስ የሚያተርፍ ሰንጢ ፍለጋ ነበር። አጋነንክ የሚል አይጠፋም። እስኪ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ደርግ በወደቀ ማግስት፣ ጠመንጃ እንደ ዱላ በየጎጆው ጥግ በሚቆምበት ጊዜ፣ የካሤ ታናሽ ወንድም ገበያው በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ቅጣው የሚባል ጎረቤቱን በጥይት ገደለ። ያች ውሃ ደግሞ ዓመት ሳይሞላት ደረቀች። ገበያው ተይዞ ተፈረደበት፤ ወህኒ ገባ፤ እዚያው ታሞ ሞተ። በመንግሥት በኩል ነገሩ በዚሁ አለቀ። በሰው በኩል ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የቅጣው ወንድም ደርቤ «ገዳዩን በሽታ ቀደመኝ፤ ደሜን ግን በሽታ አይመልስልኝም» ብሎ ፎከረ፤ ዓይኑንም ወደ ካሤ አንድያ ልጅ ወደ ትእዛዙ አዞረ።

ትእዛዙ ቀኑን ሙሉ በሬ ጠምዶ የማይደክመው ጎረምሳ ነበር። ግን ምን ያደርጋል! ሲያርስ ጠመንጃው ከትልሙ ራስ ተጋድሞ ነው፤ ገበያ አይወጣም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ሰርግ አይሄድም። ሚስት ቢጠየቅለት አንዱ አባት «ልጄን ለሬሳ አልድርም» ብሎ ሽማግሌ መለሰ። እናቱ ውባንቺ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከመደቧ ብድግ እያለች ጠውልጋ አለቀች። ካሤም እርፉን ጨብጦ ሲሄድ ዓይኑ ምድሩን ትቶ ተራራ ተራራውን ነበር የሚያየው።

እንዲህ ሲኖሩ ሲኖሩ፣ አባ ገብረ አማኑኤል የሚባሉ የአካባቢው ቄስ ሌሎች ሽማግሌዎችን አስከትለው ደጅ ሲጠኑ ከርመው፣ በመጨረሻ የቅጣውን አባት አዛውንቱን አሥራተ ማርያምን እሺ አሰኟቸው። ቀኑ ቅዳሜ ተባለ፤ ቦታው ሁለቱን መንደር የሚለየው ወንዝ ዳር። የዚያ መንደር ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ አንድ ደንብ አላቸው። የገዳይ ወገን ደም ያልነካው አዲስ ሰንጢ ይዞ ይመጣል፤ ቢላዋ አይሆንም፣ ታጣፊ መሆን አለበት። የሟች አባት በገዛ እጁ በጉን በዚያ ሰንጢ ያርዳል፤ ካረደም በኋላ ስለቱን አጥፎ ለሽማግሌ ያስረክባል። ከታጠፈ በኋላ ያንን ደም የሚያነሳ የተረገመ ነው።

«አንድ ነገር ልብ አድርጉ» አሉ አባ ገብረ አማኑኤል፣ ሁለቱን ወገን ለቀጠሮ በሰበሰቡበት ዕለት፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው። «ሰንጢው ከበጉ በቀር የማንንም ደም ካፈሰሰ ዕርቁ ፈርሷል። ያን ጊዜ እኛም የለንበትም።»

ደርቤ ከአባቱ ኋላ ቆሞ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆየና ካሤን ትኩር ብሎ አየው። «አባቴ እሺ ስላሉ እሺ ብያለሁ» አለ። «ግን ዓይኔ ከሰንጢው ላይ ነው። የማንም ልጅ በየሜዳው የሚጥለውን ኮተት ይዛችሁ መጥታችሁ የወንድሜን ደም ይኼን ያህል ነው የምናከብረው ካላችሁን፣ እዚያው እንለያያለን። የአባቴን ጣት አንዲት ጭረት ብትጭርም እዚያው እንለያያለን።»

ካሤ ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። አሥራተ ማርያም የቀረበላቸውን ውሃ ሊጠጡ ዋንጫውን ሲያነሱ ቀኝ እጃቸው ተንቀጠቀጠች፤ ሁለቱ ጣቶቿ ድሮ ቀንበር ሰብሯቸው ተጠምዝዘው ቀርተዋል፤ ሽማግሌው በግራቸው ደግፈው ነው የጠጡት። የልጁ ሕይወት ዋንጫ መያዝ በማትችል እጅ ላይ ወደቀች ማለት ነው።

ሰቆጣ ገበያ ውስጥ ጌታሰው የሚባል እጀታ ገጣሚ አለ። ስለቱን ከቀጥቃጮች ይቀበላል፤ ሥራው እጀታ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በሚስማር መግጠም ነው። ምላሱ ከስለቱ የማይተናነስ ሰው ነው። ከአንድ ግንብ ጥግ ጆንያ ዘርግቶ ሰንጢዎቹን ደርድሮ ሳለ ካሤ አገኘው።

«አያ ካሤ! ምን እግር ጣለህ? ና እንጂ፣ ለጎረምሳ ኪስ ነው ለሽማግሌ?»

«ለሽማግሌ። ለክቡር ሽማግሌ። የሚያምር እፈልጋለሁ። ከእጅ የማያመልጥም እፈልጋለሁ።»

«ሁለቱንም በአንድ ላይ?» ጌታሰው ሳቀ። «እሱንማ እኔም ሚስት ሳጭ ፈልጌ ነበር።»

ካሤ አልሳቀም። ጌታሰውም ይህን አይቶ በመጀመሪያ የሚያብለጨልጨውን አነሳ። እጀታው ከላይ እስከ ታች ናስ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። «ይኼ የሹም ነው። ሚዛኑን እየው፣ እጅህ ላይ ቁጭ ይላል።»

«ናሱን ከየት ታገኛለህ?»

«ከየት ይገኛል ብለህ ነው? ቀልሃ አቅልጬ ነዋ! ይኼ አገር ከእህል ይልቅ ቀልሃ ነው የሚያመርተው።»

ካሤ የጋለ ብረት እንደ ጨበጠ ሰው ሰንጢውን ጆንያው ላይ ወረወረው። በጥይት ልጁ ለሞተበት አባት የጥይት ቀልሃ ሊያስጨብጥ! ጌታሰው ግራ ገባው፤ ቢሆንም ቀጠለና ነጭ የአጥንት እጀታ ያለው አሳየው። ልስልስ ያለ፣ እንደ ወተት የነጣ፣ ደስ የሚል ነገር ነበር። ካሤ ነካ አድርጎ ተወው። «አጥንትማ አይሆንም። የልጄን አጥንት አስጨበጡኝ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?» አለ ለራሱ፤ ግን ድምፁ ወጣ።

ያን ጊዜ ነው ለጌታሰው የገባው። የካሤን ወገን ነገር በሰቆጣ ያልሰማ አልነበረም። ቀልዱን ዋጠና ካሤን እጁን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠው። «ለአሥራተ ማርያም እጅ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። ካሤ ራሱን ነቀነቀ። «እንዲያ ብለህ አትነግረኝም ታዲያ! ያቺ እጅ ቀላል እጅ አይደለችም።»

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሻጭ መሆኑን ትቶ ወንድም ሆነ። ከጆንያው ሥር በቅጠል የተጠቀለለ ሞራ አወጣና ሁለት እጁን አሸበት፤ የካሤንም አስነከረው። «እጀታ በደረቅ እጅ አይመረጥም» አለ። «ደም ሲነካው ነው ባሕርይው የሚታወቀው።»

በተራ ሞከሩ። ከቢጫ ጀሪካን የተሠራው ፕላስቲክ ገና ሞራው ሳይነካው ይዞራል፤ መልኩም የሕፃን መጫወቻ ነው። ከመኪና ጎማ የተቆረጠውን ግን ካሤ ጨበጠው፣ ጎተተው፣ ጠመዘዘው፤ እንደ መዥገር ተጣበቀ፣ ንቅንቅ አላለም። ለአንድ አፍታ ልቡ ዘለለ። ወዲያው ቁልቁል የገዛ እግሩን አየ። ያጠለቀው በረባሶ ከዚያው ጎማ የተቆረጠ ነው። ደርቤ ይህን ቢያይ «የእግራችሁን ትርፍ አመጣችሁልን?» ማለቱ አይቀርም። ጎማውን እያዘነ መለሰው።

ሁለት ቀሩ። አንዱ ወይራ ነው። ሞራ በሞራ በሆነ እጅ ሲይዙት እንጨቱ ቅባቱን መጠጥ ያደርግና ከመዳፍ ጋር ይስማማል። መልኩ ግን ምንም አይል፤ ጠቆር ያለ፣ ዝም ያለ እንጨት ነው። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ ወይራ ነው ብለህ ንገራቸው» አለ ጌታሰው። ሁለተኛው የበሬ ቀንድ ነው። እሱን ሲያዩት ማር ውስጥ ጭስ የገባ ይመስላል፤ ጥቁሩና ቡናማው ተዋሕዶ ወደ ጫፉ ሲሄድ ብርሃን ያሳልፋል። ካሤ እንዲህ ያለ እጀታ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሞራ በነካው እጁ ሲጨብጠው ግን ሙልጭ ብሎ ወጣና ከጉልበቱ ላይ ወደቀ። ስለቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ወዮለት።

ካሤ ወይራውን በቀኙ ቀንዱን በግራው ይዞ ተቀመጠ። ወይራውን ቢወስድ የአዛውንቱ እጅ ይተርፋል፤ ደርቤ ግን «እንጨት!» ይላል። ቀንዱን ቢወስድ ደርቤ ዝም ይላል፤ የአዛውንቱ እጅ ግን ይከዳል። የትኛውም ቢሆን መጨረሻው ትእዛዙ ነው። ከብት የሚነዳው፣ ጨው የሚሸምተው፣ ገበያተኛው ሁሉ አጠገቡ ይተራመሳል፤ እሱ የሚሰማው የገዛ ልቡን ብቻ ነበር። እንባው መጣ። አዎ፣ ወንድ ልጅ በገበያ መሃል፣ በሁለት ሰንጢ መካከል አለቀሰ። በዚህ የሚስቅ ሰው ልጅ ያልወለደ ነው።

ጌታሰው ቀንዱን ከእጁ ወሰደው። «ቆይ እስኪ» አለ። ቀጭኗን ሞረድ አነሳና ከእጀታው ሆድ በኩል፣ ጣቶች በሚያርፉበት ቦታ፣ ጥቃቅን ጥርሶች ያወጣለት ጀመር። ከላይ ሲያዩት አይታይም፤ ሲገለብጡት ብቻ እንደ ድመት ጭረት ይታያል። ከጨረሰ በኋላ እንደገና በሞራ አሹት። ካሤ ጨበጠ። ቀንዱ ሊንሸራተት ሞከረና ጥርሶቹ ያዙት። ደግሞ ሞከረ፤ ያዘ። ሁለቱን ጣቶቹን እንደ አሥራተ ማርያም ጠምዝዞ፣ እጁን እያንቀጠቀጠ ሞከረ። ያዘ!

«እሰይ!» አለ ጌታሰው። «እነዚህ ጥርሶች እያሉ አይከዳህም። እነሱን ጠብቃቸው።»

ካሤ ሰንጢውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከደረቱ አስገባና አገሩ ገባ። ለውባንቺ ሰጣት። «ደህና ቦታ አስቀምጪው» አላት እንጂ ስለ ጥርሶቹ አንዳች አልተነፈሰም። የወንዶች ነገር ነው ብሎ ነው፤ እሷን ላለማስጨነቅም ነው። ደግሞ ሰው የዳነ ሲመስለው አፉ ይታሰራል። ያቺ ዝምታ ምን እንደምታመጣ ማን አወቀ!

ቅዳሜ ጠዋት ካሤና ትእዛዙ በጉን ሊያመጡ ወጣ ሲሉ ውባንቺ ሰንጢውን ፈትታ አየችው። ወይ ማማሩ! ስትገለብጠው ግን ሆዱ ተጫጭሯል። ደነገጠች። «የተጫረ ሸጡለት! ይኼ የዋህ ሰው አላየውም፤ ያ ደርቤ ግን ያያል» አለች። እሷ ባለሙያ ናት፤ የቀንድ ዋንጫ ሲሰነጠቅ እንዴት እንደሚታከም ከእናቷ ተምራለች። የማር ሰም አለዘበችና ጭረቱን አንድ በአንድ ደፈነችው። በጨርቅ አሸችው። በመጨረሻም ለጋ ቅቤ ቀብታ ወለወለችው፤ መልሳም እንደ ነበረ ጠቀለለችው። ይህን ስታደርግም ስለ ልጇ ትጸልይ ነበር።

ወንዙ ዳር ሁለቱ ወገን በሁለቱ ዳርቻ ቆመ። ሰላምታ የለም። የሁለቱም ወገን ጠመንጃ ከማዶ ባለ አንድ ዋርካ ሥር ተከምሮ ሽማግሌዎች ይጠብቁታል። ትእዛዙ ከአባቱ ኋላ ባዶ እጁን ቆሟል፤ ከቤቱ ያለ ጠመንጃ ሲወጣ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። ደርቤ ከማዶ ሆኖ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ ዋርካውን ያያል። በጉን ጥሎ የሚይዘው የገዳይ ወገን ስለሆነ ካሤ ነጩን በግ ወደ ምሥራቅ አዙሮ አጋደመና ሰንጢውን ከደረቱ አወጣ።

ጨርቁን ሲፈታው የቅቤ ሽታ አፍንጫውን መታው። ፀሐዩ ቀንዱ ላይ አረፈና ከማዶ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ «እህ!» አሉ። ካሤ አውራ ጣቱን ወደ እጀታው ሆድ ሰደደ። ልሙጥ ነው። ደግሞ ዳበሰ። አንድ ጥርስ የለም።

አባ ገብረ አማኑኤል እጃቸውን ዘርግተዋል። ካሤ አልሰጥም ማለት አይችልም፤ የወጣን ሰንጢ መመለስ ዕርቁን መመለስ ነው። «አባቴ» አለ፣ «ትንሽ ይታገሡኝ… በአሸዋ አሸት አድርጌ…»

«ምን አድርገህበታል?» ደርቤ ወንዙን ሊሻገር አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ። «ምን ቀብተህበት ነው የምታጥበው? ለአባቴ እጅ መድኃኒት አዘጋጅተህ ነው?»

ከሁለቱም ዳርቻ ጉርምርምታ ተነሳ። መርዝ ወይም መተት የሚል ቃል አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ካሤ ዞር ብሎ ልጁን አየው። ትእዛዙ ከንፈሩ ደርቋል። «ምንም የለበትም» አለ ካሤ። «ቅቤ ነው። ለክብር ነው።» ሰንጢውንም ሰጠ።

ሰንጢው ከአባ እጅ ወደ ደርቤ እጅ ሄደ። ደርቤ አሸተተው፤ ገለበጠው፤ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው። ሰበብ ፍለጋ የመጣ ሰው ሰበብ አጣ። «አሁን ገና ሰው መሰላችሁ» አለና ለአባቱ አቀበላቸው።

አሥራተ ማርያም ወንዙን ተሻግረው መጡና ከካሤ ፊት ተንበረከኩ። ገበያው ቅጣውን ከገደለ ወዲህ እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም፤ የአዛውንቱ ትንፋሽ ፊቱን ይነካዋል። ካሤ በግራ እጁ የበጉን አገጭ ወደ ኋላ ለጥጦ፣ በቀኙ የፊት እግሮቹን ይዟል። ያቺ የተጠማዘዘች እጅ በቅቤ የታሸውን ቀንድ ይዛ ስትንቀጠቀጥ ያያል። እግዚኦ በል ካሤ! ከዚህ ሌላ ምን ይባላል?

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉ አሥራተ ማርያም። ሳቡት።

ስለቱ ገባ። ደሙ ፊን ብሎ ወጥቶ እጃቸውን እስከ አንጓው አለበሳት፤ በጉ ተራገጠ። በዚያች ቅጽበት እጀታው በመዳፋቸው ውስጥ ዞረ። ካሤ ሲዞር አይቶታል። የአዛውንቱ እጅ በቅቤና በደም ላይ ወደ ስለቱ ወረደች። ካሤ አላሰበም፤ የሚያስብበት ጊዜም አልነበረም። የበጉን እግር ለቀቀና በቀኝ እጁ ስለቱን ራሱን ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

ያዘውና አቆመው። የአሥራተ ማርያም ጣቶች የካሤ ጣቶች ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ስለቱን አልነኩም። ካሤ የገዛ ሥጋው ሲከፈት ተሰማው፤ ጥርሱን ነክሶ ዋጠው። ስለቱን ለቀቀና እጁን ከበጉ ፀጉር ውስጥ ቀበረ። ደም በደም ላይ ነው፤ የበግና የሰው ማን ይለየዋል? በጉ ተንፈራገጠና ጸጥ አለ። ከማዶ አንዲት ሴት እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«ቆዩ» አሉ አሥራተ ማርያም።

ሁሉም ቆመ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ምንም አልሆንኩም አባቴ፣ እርስዎ ሰንጢውን ይጠፉት፣ እባክዎን…»

«እጅህን አሳየኝ አልኩህ!»

ካሤ እጁን ከበጉ ፀጉር አወጣ። ሁለት ጣቶቹ እስከ አጥንታቸው ተከፍተዋል፤ ደሙ በክርኑ በኩል ሳሩ ላይ ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የአባ ገብረ አማኑኤል መስቀል ዝቅ አለ። ከበጉ በቀር የማንንም ደም ካፈሰሰ ብለው የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ደርቤ ፊቱን አዙሮ ወደ ዋርካው፣ ወደ ጠመንጃዎቹ መራመድ ጀመረ። ትእዛዙ ከቆመበት አልተነቃነቀም። የት ይሮጣል?

«ደርቤ!»

አሥራተ ማርያም በመጀመሪያ የጮኹት በኽምጥኛ ነው፤ ሲቆጡ የእናታቸው ቋንቋ ነው የሚቀድማቸው። ልጃቸው ቆመ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ቀጠሉ። ከበጉ አጠገብ እንደ ተንበረከኩ፣ ሰንጢውን እንደ ያዙ ነው።

«ወዴት ነው የምትሄደው? የወንድምህን ደም ልትመልስ ነው? የቅጣው አባት ማን ነው? እኔ አይደለሁም? ደሙን መመለስ በቅድሚያ የሚገባው ለማን ነው?» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ ስንት ሌሊት ተኝቼ፣ ይቺ እጄ ጠመንጃ መያዝ አቃታት ብዬ አልቅሻለሁ። ዛሬ በዚቹ እጄ ከገበያው ወንድም ደም አፈሰስኩ። አላየህም? ያውና ሳሩ ላይ! ደሜን መልሻለሁ። በእጄ፣ በሰው ፊት፣ በእግዜር ፊት መልሻለሁ። አንተ የምትመልሰው የቀረ ነገር የለም።»

ደርቤ ከዋርካው ሥር ቆሞ አባቱን ያያል፤ ከዚያም የካሤን እጅ ያያል። አባ ገብረ አማኑኤል መስቀላቸውን መልሰው ከፍ አድርገው «እኔ የፈራሁት አዲስ ደም እንዳይሆን ነበር» አሉ። «ይኼ ግን የቆየው ነው። የሟች አባት በቃኝ ካሉ እኛ ምን ብለን እንጨምራለን? ይሁን።»

አሥራተ ማርያም ስለቱን ሊያጥፉ ታገሉ። የሚንቀጠቀጡት ጣቶቻቸው አልቻሉም፤ እጀታው አሁንም ይሾልካቸዋል። ካሤን አዩት። እሱ በደህናው ግራ እጁ የስለቱን ጀርባ ደግፎ ገፋው፣ እሳቸው እጀታውን ያዙ፤ ሰንጢው ጠቅ ብሎ ተዘጋ፤ አሥራተ ማርያምም ለአባ ገብረ አማኑኤል አስረከቡት።

ያን ጊዜ ደርቤ ከቆመበት እንደ ሕፃን «ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!» እያለ መጮህ ጀመረ። ቅጣው የተቀበረ ዕለት እንኳ ደሙን ሳልመልስ አላለቅስም ብሎ አላለቀሰም ነበር። ማንም ዝም በል አላለውም። አልቅሶ ሲወጣለት ወንዙን ተሻግሮ መጣና፣ ካሤን ቀና ብሎ ሳያየው፣ ከጋቢው ጫፍ ቀድዶ ለአባቱ አቀበላቸው። አሥራተ ማርያም የካሤን እጅ አሰሩለት።

ካሤ ማታ ቤቱ ሲገባ ውባንቺ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ልጇን ዳበሰችው፤ ራሱን፣ ትከሻውን፣ ደረቱን። ከዚያ የታሰረውን እጅ አየች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«በጉ ሲራገጥ ነው።»

«ሰንጢውስ? አማራቸው?»

ካሤ አያት። ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ይስቃል፤ ከስንት ዓመት በኋላ የሚስቱን ጥርስ አየ። ጌታሰው ጠብቃቸው ያለው ጥርሶች ትዝ አሉት፤ የቅቤው ሽታ ትዝ አለው፤ አፉ ላይ የመጣውን ነገር መልሶ ዋጠው። «አማራቸው» አለ። «ደርቤ ራሱ አፉን ከፍቶ ቀረ።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ትእዛዙ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ በትሩን ብቻ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እያፏጨ ሰቆጣ ወረደ። ውባንቺ እስኪሰወር ድረስ ቆማ አየችው። የካሤ ሁለት ጣቶች ግን ከዚያ ወዲያ ታጥፈው አልያዙም፤ የእርፉን እጀታ ሲጨብጥ ይከዱታል፤ ዋንጫም በግራው እየደገፈ ነው የሚያነሳው። ማረሱን ለልጁ ተወለት።

ውባንቺ ዛሬም ጎረቤቶቿ በተሰበሰቡ ቁጥር ታወራለች። «ያን ሰንጢ የዋሁ ባሌ የተጫረ ገዝቶ መጥቶ! እኔ በሰም ደፍኜ፣ በቅቤ ወልውዬ ባልሰደው ኖሮ የት ይታረቁ ነበር?» ትላለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞር ብላ «ውሸቴን ነው?» ትለዋለች።

ካሤ የማይታጠፉትን ጣቶቹን ከጋቢው ሥር ከትቶ «እውነትሽን ነው» ይላታል።